በአዳማ የአንድ ፓትሮል የመሪ ፓምፕ ተደጋጋሚ መጋልና ማፍሰስ፦ የጉዳይ ጥናት

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከአዳማ ተነሥቶ በወለንጪቲና በመተሐራ በኩል፣ በፈንታሌ ተራራ ግርጌ ወደሚገኙት የከረዩ አርብቶ አደር መንደሮች የእንስሳት ክትባት ቡድኖችን በኪራይ የሚያመላልስ አንድ ናፍጣ ኒሳን ፓትሮልን ነው። መኪናው 4.2 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ያለው፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክሰል የተገጠመለትና የፓወር ስቲሪንግ ፓምፑ በቺንጊያ የሚዞር ነው። ወደ ጋራዣችን የመጣው «የመሪ ፓምፑ ያፈሳል» በሚል አቤቱታ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ የዘንጉ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ ዘንጉን የሚከብበው የጎማ ቀለበት) ተቀይሮለታል፤ ያ አልበቃ ሲል ደግሞ ፓምፑ ከነሙሉ አካሉ ተነሥቶ ያገለገለ ሌላ ፓምፕ ተተክቶለታል። ሁለቱም ጥገናዎች መኪናው አስፋልት ላይ እስከሠራ ድረስ ጸንተዋል፤ በፈንታሌ ግርጌ ወዳለው የላቫ ድንጋይ በተመለሰ ጊዜ ግን ፍሳሹም ተመልሷል።

እንዲህ ያለ ብልሽት በምሥራቁ መስመር ለሚሠሩ መካኒኮች አዲስ አይደለም። በዝርዝር እንድንጽፈው ያደረገን፣ ሁለት ጊዜ ገንዘብ የወጣበት ጥገና ሁለት ጊዜ የከሸፈበት ምክንያት ከፓምፑ ውስጥ ይልቅ በፓምፑ ዙሪያ መገኘቱ ነው። ዘይት ሲንጠባጠብ ለዓይን ስለሚታይ ሁሉም ሰው ፍሳሹን ይጠግናል፤ ሙቀት ግን ካልለኩት አይታይም።

የአቤቱታው ቅደም ተከተል

ከመሣሪያ ሁሉ በፊት የጠቀመን ሹፌሩ የነገረን ነው። «ጋሼ፣ ጠዋት ምንም የለበትም፤ ረፋድ ላይ ድንጋዩ ውስጥ ስገባ ይጮኻል፣ ከሰዓት በኋላ መሪው ይከብደኛል፣ ማታ ሳቆመው ከሥሩ ዘይት አገኛለሁ» አለ። መጀመሪያ ጩኸት፣ ቀጥሎ ክብደት፣ በመጨረሻ ፍሳሽ፤ ይህ ቅደም ተከተል ብቻውን ብዙ ይናገራል። የፓምፑ ዘንግ ሲል ያለው ዘይቱ በሚመጠጥበት ዝቅተኛ ግፊት በኩል በመሆኑ፣ ሞተሩ እየሠራ ሳለ የደረቀ ሲል ዘይት ከማውጣት ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። ዘይቱ በደንብ የሚወጣው ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከፓምፑ በላይ በማጠራቀሚያው ያለው ዘይት በክብደቱ ሲጫነው ነው። በዚያ ላይ መኪናው እንደቆመ ፋኑም ስለሚቆም በኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ለጊዜው ከፍ ይላል፤ የቀጠነ ዘይት ደግሞ መውጫ አያጣም። ስለዚህ ማታ የታየው ጠብታና ረፋድ የተሰማው ጩኸት የአንድ ጉድለት ሁለት መልኮች ሊሆኑ እንደሚችሉ ከመነሻው ጠርጥረን ነበር።

የመሪው መክበድም የራሱ ምክንያት አለው። ለፓወር ስቲሪንግ የሚሞላው ዴክስሮን 3 ዓይነት ዘይት በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 35 ሴንቲስቶክ ገደማ የሆነ ውፍረት ሲኖረው፣ በ100 ዲግሪ ወደ 7 ይወርዳል። ከዚያ በላይ ሲግል ደግሞ በፓምፑ ምላሶች (እየዞሩ ዘይቱን በሚገፉት ቀጫጭን ብረቶች) እና በግድግዳው መካከል፣ እንዲሁም በመሪው ማርሽ ሳጥን ቫልቭ ውስጥ ባሉት ጠባብ ክፍተቶች እየሾለከ ያልፋል፤ ግፊቱም ወደ ሥራ ሳይለወጥ ይባክናል። ይህን መክበድ «ፓምፑ ደክሟል» ብሎ መተርጎም ቀላል ነው፤ ያገለገለው ፓምፕ የተገዛውም በዚሁ ትርጉም ነበር።

በመኪናው ላይ ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ የተደረጉትን ለውጦችም ጠየቅን። 285/75አር16 የሆነ ሰፊ ጎማ፣ ወደ ውጭ በሚወጣ ቸርኬ ላይ ተገጥሞለታል። ከፊት ከባድ የብረት መከላከያና የመጎተቻ ዊንች ተጨምሮለታል፤ ከመከላከያው በላይ ትልልቅ መብራቶች ተደርድረዋል። ሹፌሩ አሸዋማ ቦታ ሲደርስ የጎማውን ንፋስ ይቀንሳል። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ ምክንያት አለው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ከፈንታሌ የፈሰሰው ጥቁር ላቫ ገና ስላልተፈረፈረና ጠርዙ ስለሚቆርጥ፣ ጠንካራና ሰፊ ጎማ መፈለጉን ልንነቅፍ አንችልም። ይሁን እንጂ ሁሉም ባንድነት የፊት ጎማውን ለማዞር የሚያስፈልገውን ኃይል ይጨምራሉ፤ ያ ኃይል ደግሞ የሚመጣው ከፓምፑ ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

መኪናው በቀጥታ መንገድ ሲሄድ ዘይቱ በአነስተኛ ግፊት ይዘዋወራል፤ የሚፈጠረው ሙቀትም ጥቂት ነው። ጎማው ድንጋይ ተደግፎ አልዞርም ሲል ወይም ሹፌሩ መሪውን ጫፍ አድርሶ ሲይዘው ግን ዘይቱ መሄጃ ስለሚያጣ፣ በፓምፑ ውስጥ ያለው የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቭ ይከፈትና ዘይቱ እዚያው በዚያው ይሽከረከራል። በዚህ ጊዜ ፓምፑ ከሞተሩ የሚወስደው ኃይል በሙሉ ሙቀት ይሆናል።

መጠኑን ማስላት ከባድ አይደለም፤ በባር የተለካው ግፊት በደቂቃ ከሚፈስሰው ሊትር ጋር ተባዝቶ ለ600 ሲካፈል ኃይሉ በኪሎዋት ይገኛል። በ80 ባር ግፊት በደቂቃ 8 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ከ1 ኪሎዋት ትንሽ የሚበልጥ ሙቀት ያመነጫል ማለት ነው፤ ይህም እንጀራ የምንጋግርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሚወስደው ኃይል ሲሶ ያህል ሲሆን፣ የሚያርፈው ግን አንድ ሊትር ገደማ በሆነ ዘይት ላይ ነው። ብረቱ የሚወስደውን ካልቆጠርን የዚያ ዘይት ሙቀት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከ35 ዲግሪ በላይ ሊጨምር ይችላል። በተግባር የፓምፑ አካልና ቱቦዎቹ ስለሚጋሩት ጭማሪው ዝግ ይላል፤ ነገር ግን በላቫ ሜዳ ላይ መሪን ጫፍ ማድረስ ቀኑን ሙሉ የሚደጋገም ሥራ ነው።

አብዛኛው የመሪ ፓምፕ ሲል የሚሠራው ከናይትራይል ጎማ ነው። ይህ ጎማ ከ100 ዲግሪ ብዙ ርቆ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ይደርቃል፤ ከንፈሩ ይጠነክርና ዘንጉን በእኩል መጫኑን ያቆማል፣ ከዚያ ይሰነጠቃል። ዘይቱም በበኩሉ ከአየር ጋር እየተዋሐደ ቡናማ ይሆናል፤ በኬሚስቶች ዘንድ በተለመደው የአውራ ጣት ሕግ መሠረት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

የመኪናው ባለቤት የሰማው ሌላ ማብራሪያ ነበር፤ «ከፍታው ነው፣ አየሩ ስለሳሳ ፓምፑ በደንብ አይመጥም» ተብሏል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አራት አምስተኛ ያህል ነው፤ ይህም የመምጠጥ ችግር ላለበት ፓምፕ ጥቂት ያከብድበታል። ሆኖም ብልሽቱ የሚነሣው ከ1,000 ሜትር በታች በሆነችው በመተሐራ ዙሪያ እንጂ በአዳማ ስላልነበረ፣ ይህን ማብራሪያ ትተነዋል።

በምርመራው የተገኘው

መጀመሪያ ያደረግነው ማጠብ ነው። በዘይትና በአቧራ በተለበጠ ሞተር ላይ የፍሳሽን ምንጭ ማወቅ አይቻልም፤ ዘይቱ ከላይ ወጥቶ፣ በፋኑ ንፋስ ተበትኖ፣ ከታች ባለው ብሎን ላይ ስለሚንጠለጠል ያልበላ ዕዳ የሚከፍል ክፍል አይጠፋም። ፓምፑን፣ ቱቦዎቹንና የመሪውን ማርሽ ሳጥን በሳሙና ውኃ አጥበን ካደረቅን በኋላ ነጭ የሕፃናት ፓውደር ነሰነስንባቸውና ሞተሩን አስነሥተን መሪውን ደጋግመን አዞርነው። ፓውደሩ የረጠበው በሦስት ቦታ ነበር፤ በፓምፑ ዘንግ ዙሪያ ከፑሊው በስተጀርባ፣ በመመለሻ ቱቦው ማሰሪያ ሥር፣ እና በጣም በጥቂቱ በማርሽ ሳጥኑ የታችኛው ዘንግ ሲል ላይ።

በማጠራቀሚያው ውስጥ ያለው ዘይት ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ይሸታል፣ ሞተሩ ሲሠራም አረፋ ይይዛል። ሹፌሩ በረሃ ላይ ሲጎድልበት የሞተር ዘይት እንደጨመረ አልደበቀም። የፍሬን ዘይት አለመጨመሩ ግን ዕድል ነው፤ ግላይኮል ያለበት የፍሬን ዘይት የናይትራይል ሲሎችን ስለሚያሳብጥ የማርሽ ሳጥኑን ሳይቀር እንድንፈታ ያደርገን ነበር።

አረፋ ካለ አየር የሚገባበት ቦታ አለ። ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወርደው የመምጠጫ ቱቦ ከውጭ ሲታይ ደህና ነበር። ቆርጠን ስንከፍተው ግን የውስጡ ሽፋን ከውጨኛው ተላቅቆ ምላስ ሠርቷል፤ ዘይቱ ሲግልና ቱቦው ሲለሰልስ ይህ ምላስ መተላለፊያውን ከፊል ይዘጋዋል። ቱቦው ለውኃ የተሠራ እንጂ ለዘይት የተሠራ አልነበረም። ረፋድ ላይ የሚሰማው ጩኸት በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው፤ መምጠጫው የታነቀ ፓምፕ በዘይቱ ውስጥ ባዶ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋውም በግፊቱ በኩል ሲፈነዳ ይጮኻል፣ ብረቱንም ይበላል።

ዋናው ግኝት የነበረው ከራዲያተሩ ፊት ነው፤ የተገኘውም በመኖር ሳይሆን በመጉደል ነው። ከማርሽ ሳጥኑ የሚመለሰው ዘይት በራዲያተሩ ፊት በተዘረጋ የብረት ቱቦ ዞሮ በርዶ እንዲመለስ የሚያደርግ መስመር መኖር ሲገባው፣ የቀረው መያዣው ብቻ ነበር። የብረት መከላከያውና ዊንቹ ሲገጠሙ ቦታ ስለጠበበ ያ ቱቦ ተነሥቶ፣ የማርሽ ሳጥኑ መመለሻ በአጭር የጎማ ቱቦ በቀጥታ ወደ ማጠራቀሚያው ተገናኝቷል። ያም አጭር ቱቦ የሚያልፈው በጭስ ማውጫው አጠገብ ነው። በሌላ አነጋገር፣ የመኪናውን የመሪ ጭነት የጨመረው ሥራ ራሱ ማቀዝቀዣውን ነቅሎ ሄዷል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው በቁጥር ማረጋገጥ ነበር። ከፓምፑና ከማርሽ ሳጥኑ መካከል መዝጊያ ያለው የግፊት መለኪያ አስገብተን፣ ዘይቱ ከሞቀ በኋላ መዝጊያውን ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ዘጋነው፤ ከዚያ በላይ መዝጋት ራሱ ፓምፑን የሚያቃጥል ስሕተት ነው። ግፊቱ ወደ 80 ባር ደረሰ። መዝጊያውን ከፍተን መሪውን ጫፍ ስናደርስም ተመሳሳይ ንባብ አገኘን፤ ስለዚህ ፓምፑም የማርሽ ሳጥኑም በውስጣቸው ጤነኞች ነበሩ። ባለቤቱ ሌላ ፓምፕ ለመግዛት የተዘጋጀበትን ገንዘብ ያዳነለት ይህ ልኬት ነው።

ሙቀቱን የለካነው መኪናው በሚሠራበት መንገድ ላይ ነው። በኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለመለካት የፓምፑን አሉሚንየም አካል ጥቂት ቦታ ጥቁር ቀለም ቀባነው፤ መለኪያው በሚያብረቀርቅ ብረት ላይ ከእውነቱ ብዙ ዝቅ ብሎ ስለሚያነብ፣ ይህን ያልተረዳ ሰው የሚያቃጥለውን ፓምፕ «ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ሊመልስ ይችላል። ከአዳማ እስከ መተሐራ ባለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት የፓምፑ ሙቀት ከ80 ዲግሪ አልዘለለም። ላቫው ውስጥ ገብተን በከባድ ማርሽ መንቀሳቀስ ከጀመርን በኋላ ግን ሰዓት ሳይሞላ ከ130 ዲግሪ አለፈ፤ የመመለሻ ቱቦውም ከዚያ ብዙ አላነሰም።

ጥገናው

ፓምፑን ስንፈታ ኦይል ሲሉ እንደጠበቅነው ደርቆ ተሰንጥቋል። ከዚያ የከፋው ዘንጉ ነው፤ የሲሉ ከንፈር በሚያርፍበት ቦታ በጥፍር የሚዳሰስ ጎድጓዳ መስመር ተቆፍሯል። በእንዲህ ያለ ዘንግ ላይ አዲስ ሲል በድሮው ቦታ ቢገባ ከንፈሩ እዚያው ጎድጓዳ ውስጥ ስለሚወድቅ ማፍሰሱ አይቀርም። ዘንጉን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስላጥ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ያን አልተቀበልንም፤ ምክንያቱም የዘንጉ ውፍረት ሲቀንስ ልኩ የሆነ ሲል አይገኝም፣ የጠነከረው የብረቱ ገጽም አብሮ ይነሣል። ይልቁንም ዘንጉን በደቃቅ ስሜሪሊዮ (የብረት ማለስለሻ ወረቀት) ዙሪያውን ብቻ አጽድተን፣ አዲሱን ሲል ከነባሩ ቦታ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገባነው፤ ከንፈሩም ባልተነካ ብረት ላይ አረፈ። ሲሉ ከፍ ያለ ሙቀት ከሚችለው ከቫይተን የተሠራ ሲሆን፣ የተገኘው ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው።

ባለቤቱ ከፋብሪካ የመጣውን ፓምፕም አልጣለውም ነበርና ከፍተን አየነው። የዘንጉ ቦኮላ (ዘንጉ ውስጡ የሚዞርበት ቀለበት) በአንድ ወገን ተበልቷል። ታሪኩን ከሹፌሩ ጋር ስናያይዘው ግልጽ ሆነ፤ የፈሰሰው ዘይት ቺንጊያው ላይ ወርዶ ቺንጊያው ሲንሸራተትና ሲጮህ፣ መፍትሔ ተብሎ ቺንጊያው ከልክ በላይ ተወጥሯል፤ የተወጠረው ቺንጊያ ዘንጉን ወደ ጎን ጎትቶ ቦኮላውን በልቷል፤ የተወዛወዘው ዘንግ ደግሞ አዲስ የገባውን ሲል አበላሽቷል። የመጀመሪያው ጥገና የከሸፈው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ፓምፕ ምንም አልወሰድንም። ምላሶቹ፣ እነርሱን ይዞ የሚዞረው መሐልና የሚከብባቸው ዙሪያ ቀለበት አብረው የለመዱ ስለሆኑ ከአንዱ ፓምፕ ወደ ሌላው ማቀላቀል አይገባም፤ ሲመለሱም የእያንዳንዱ ምላስ ክብ ጠርዝ ወደ ዙሪያ ቀለበቱ መዞር አለበት።

ማቀዝቀዣውን በተመለከተ ከባለቤቱ ጋር ረዘም ያለ ክርክር ነበረን። እርሱ የፈለገው ማቀዝቀዣው ከመከላከያው ሥር፣ ንፋስ በቀጥታ በሚያገኝበት ቦታ እንዲሆን ነው። በአዳማና በአዲስ አበባ መካከል ለሚመላለስ መኪና ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ይህ መኪና ግን የሚግለው በእግረኛ ፍጥነት ሲሄድ ነው፣ በዚያ ፍጥነት ደግሞ ከፋኑ በቀር ንፋስ የለም፤ ድንጋዩም ከሥር ያለውን ነገር አይምርም። ስለዚህ ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚያገለግል፣ ክንፍ ያለው የአሉሚንየም ማቀዝቀዣ ከራዲያተሩ ፊት፣ ፋኑ በሚስበው አየር መንገድ ላይ ገጠምን፤ አየር እንዳይቋጥርም ሁለቱን ጫፎቹን ወደ ላይ አደረግን። የተገናኘው በመመለሻው መስመር ላይ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ማቀዝቀዣ በከፍተኛው ግፊት መስመር ላይ ማስገባት ፍንዳታን መጋበዝ ነው። አየሩን የጋረዱት ሁለት መብራቶችም ወደ ጎን ተወሰዱ፤ በዚህ ባለቤቱ ብዙ አልተደሰተም።

የመምጠጫና የመመለሻ ቱቦዎቹ ዘይትና ሙቀት በሚችሉ ቱቦዎች ተተኩ፤ የመመለሻው መስመርም ከጭስ ማውጫው እንዲርቅ ተደርጎ በቆርቆሮ ተከለለ። የማጠራቀሚያው የውስጥ ወንፊት በጥቁር ዝቃጭ ተሞልቶ ስለነበር ታጠበ። አሮጌው ዘይት በመመለሻው ቱቦ በኩል ወደ ባልዲ እየወጣ፣ ከላይ አዲስ ዴክስሮን 3 እየተጨመረ፣ የሚወጣው ቀይና ንጹሕ እስኪሆን ድረስ ሥርዓቱ ታጠበ። አየር የማስወጣቱ ሥራ የተከናወነው የፊት ጎማዎች ከመሬት ተነሥተው፣ ሞተሩ ሳይነሣ መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ በዝግታ እየተዞረ ነው፤ ሞተሩን ቶሎ ማስነሣት አየሩን ወደ ደቃቅ አረፋ ስለሚለውጠው ሥራውን ያራዝማል።

«ፍሳሽ ማቆሚያ» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን ፈሳሽ ለምን እንዳልሞከርን ባለቤቱ ጠይቋል። እንዲህ ያለው ፈሳሽ ጎማውን በማሳበጥ ለጊዜው ቢያግዝም፣ የተሰነጠቀ ከንፈር አይሰፋም፣ የተቆፈረ ዘንግም አይሞላም፤ ደህና የነበሩትን የማርሽ ሳጥን ሲሎች ግን ሊያለሰልስ ይችላል።

የፓምፑን ፍጥነት ለመቀነስ ትልቅ ፑሊ መግጠምም ታስቦ ነበር። በከፍተኛ ዙር ለሚሮጥ ሞተር ይጠቅማል፤ ድንጋይ ላይ በዝቅተኛ ዙር ለሚሳብ ናፍጣ ግን ፍሰቱ የበለጠ አንሶ መሪው ስለሚከብድ ሳይደረግ ቀርቷል። ሰፊው ጎማም በባለቤቱ ውሳኔ ባለበት ቆይቷል። ከሹፌሩ ጋር የተስማማነው በአንድ ነገር ነው፤ መሪው ጫፍ ሲደርስ ጥቂት መለስ እንዲያደርገው፣ ጎማው ድንጋይ ሲደገፍም በመሪ ከመታገል መኪናውን ትንሽ ወደኋላ ብሎ እንዲያዞር። በኛ ግምት ከማቀዝቀዣው ቀጥሎ ብዙውን የሠራው ይህ ነው፤ ምንም ወጪ ግን አልነበረውም።

ከጥገናው በኋላ

በዚያው መንገድ፣ በተመሳሳይ የቀን ሰዓትና ጭነት በተደረገው ልኬት የፓምፑ ሙቀት ላቫው ውስጥ 105 ዲግሪ አካባቢ ሲቆም፣ ከማቀዝቀዣው የሚወጣው ዘይት ከ90 በታች ነበር። ጩኸቱ ጠፍቷል፤ መሪውም ከሰዓት በኋላ እንደ ጠዋቱ ቀልሎ ይዞራል። ቺንጊያው ከተገጠመ በኋላ ስለሚለጠጥ፣ መኪናው ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለስ ውጥረቱን ደግመን አስተካከልን።

የበጋው ሥራ ሲያበቃ መኪናው ለምርመራ ተመልሶ መጣ። ዘይቱ ቀይነቱን አልለቀቀም፣ መጠኑም አልቀነሰም፣ ከፑሊው ጀርባ ያለው የፓምፑ አካል ደረቅ ነበር። የማርሽ ሳጥኑ የታችኛው ዘንግ ሲል ብቻ አሁንም በጥቂቱ ያረጥባል። ጠብታ እስካልሠራ ድረስ ላለመንካት ተስማምተናል፤ እርሱን ለመቀየር የመሪው ክንድ መውለቅ ስላለበት፣ የመሪው ክንድ መጋጠሚያዎች በሚቀየሩበት ጊዜ አብሮ እንዲሠራ በመኪናው የጥገና ደብተር ላይ ተጽፏል።